የጋሽ ሰይድ እግር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ አታውቀውም። የነፍስ አባቴም አያውቁትም። ለነፍስ አባቴ የምናዘዘው ቀላል ቀላሉን ነው፤ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እሑድ ጠዋት ከአልጋ መነሳት እንደሚከብደኝ። እሳቸው ስግደት ያዝዙልኛል፤ እኔ ግማሹን እሰግዳለሁ፤ እንዲህ ተቻችለን ብዙ ዓመት ኖረናል። ይህን ግን ይዤ እሄድና ይዤው እመለሳለሁ።

ኑዛዜ የሚጽፉ ሰዎችን እንደማልወድ የሚያውቅ ያውቃል፤ በጋዜጣ ሳይቀር ተሳልቄባቸዋለሁ። ጥፋቱን በአደባባይ የሚናገር ሰው የሚያሳየን ጥፋቱን ሳይሆን የመናገር ድፍረቱን ነው ብዬ ነበር። አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ስለዚህ እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ይህ ሰው ድፍረት አለው ብላችሁ እንዳታስቡ። ድፍረት ያስፈለገበት ጊዜ አልፏል። ያኔ አልነበረኝም።

ነገሩ አጭር ነው። አንድ ሰው የራሱ ያልሆነ ጥፋት ተሸክሞ ኖረ፤ እንደተሸከመውም ሞተ። ያሸከምኩት እኔ ነኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የሠላሳዎቹን ዕድሜ ጀምሬ፣ አትላስ አካባቢ ቤት ተከራይቼ፣ እንደ አሸን ለፈሉት አዳዲስ ጋዜጦች መጣጥፍ እየጻፍኩ፣ ለእንጀራዬ ደግሞ የትርጉም ሥራ እየሠራሁ ነበር የምኖረው። ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ያገለገለች ጀርመን ሠራሽ መኪና ገዛሁ። አሮጌ ነበረች። ግን ኤቢኤስ ነበራት፤ በሠፈራችን ካሉት መኪኖች ይህ ያለው ሌላ አልነበረም።

ኤቢኤስ፣ ለማያውቀው፣ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው ጨርሶ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በየጎማው ሥር ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ ከቀለበቱ አጠገብ ጥርሶቹን የሚቆጥር ሴንሰር አለ። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ሴንሰሩ ያውቃል፤ መሣሪያውም ፍሬኑን በፍጥነት እየደጋገመ ይለቃል፣ ይይዛል። መኪናው ሳይንሸራተት ይቆማል፤ መሪውም ታዛዥ እንደሆነ ይቆያል። ከሾፌሩ የሚፈለገው ረግጦ መያዝ ብቻ ነው። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ያልለመደ ሰው መኪናው የተሰበረ ይመስለውና ይደነግጣል። ደንግጦ ግን እግሩን ማንሳት የለበትም።

የእኛ አገር ሾፌሮች የተማሩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ። ፍሬኑ አስተማማኝ ያልሆነ መኪና እየነዳ ያረጀ ሰው እግሩ ራሱ ኤቢኤስ ሆኗል፤ በዝናብና በቁልቁለት ያለ ሐሳብ ይህንኑ ያደርጋል። እንግዲህ ይህን አስታውሱልኝ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሌላው ሰው ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ የሚተወውን መጽሐፍ እኔ አስምሬበት ነበር። ከዚያ መስበክ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ «ይህ ለፈረንጅ አገር በረዶ የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ ምን ይሠራል?» ሲል፣ እኔ «እንዲያውም ከበረዶው ይልቅ ለእኛ ክረምት ነው የሚያስፈልገው» እላለሁ። ሰው ነጭ ሲል ጥቁር ማለት ያኔም ልማዴ ነበር። ትክክል በሆንኩባቸው ጊዜያት እንኳ ትክክል የሆንኩት ሌላው ሰው ስለተሳሳተ እንጂ እውነትን ፈልጌ አልነበረም።

ከሁሉም በላይ የሰበክሁት ለጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ ከግቢያችን ፊት ለፊት የሚኖሩ የወሎ ሰው ነበሩ። የራሳቸውን የጭነት መኪና እየነዱ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አሰብ ይመላለሱ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ኦሎምፒያ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጋሽ ሰይድ ጭነት ከሌላቸው ሽርጣቸውን አገልድመው ይወጡና መኪናዬን ይዞሯታል።

«ይቺ መኪና እኔን ትበልጣለች ነው የምትለኝ?»

«እርስዎን አልወጣኝም፤ እግርዎን ነው ያልኩት።»

«እግሬ እኮ ሙሉ ጭነት ይዞ በጭጋግ ጣርማ በርን የወረደ እግር ነው። እሷ የት ወርዳ ታውቃለች? ኦሎምፒያ ድረስ?»

እትዬ ዘይነባ ከበር ላይ ሆነው «ሰይድ፣ ተወው። የጻፈውን የሚያነብለት ሲያጣ ለመኪና ማንበብ ጀምሯል» ይላሉ። እንስቃለን። ጋሽ ሰይድ ግን እየሳቁም ይሰሙኝ ነበር። ፊደል የቆጠሩት ከሾፌርነት በኋላ ስለነበር ለሚያነብ ሰው የተለየ ክብር ነበራቸው፤ እኔ የማይገባኝን ክብር።

መመሪያው የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ፣ ጭቃ ላይ የምትነዳ ከሆነም ሴንሰሮቹና ጥርሳሞቹ ቀለበቶች እንዲጸዱ ያዛል። ከሥሩ አስምሬበታለሁ። አላደረግሁትም። ማንበብና ማድረግ አንድ የሚመስለው ሰው ነኝ፤ አንድን ነገር በደንብ ከተረዳሁት የሠራሁት ያህል ይሰማኛል። በዚያ ክረምት ወንድሜ ጎሮ ቤት ያሠራ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ በጎሮ ጭቃ ውስጥ ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፤ ሞተሩ ከተነሳም በኋላ አልጠፋ አለ።

ኦሎምፒያ አካባቢ ጋራዥ ወዳለው ተክሌ ወደሚባል መካኒክ ወሰድኳት። ተክሌ ወሬ የሚወድ፣ የማያውቀው መኪና ያለ የማይመስለው፣ ግማሹን ሠርቶ ግማሹን የሚፎክር ሰው ነበር። ጎማውን ፈታና ጠራኝ። ቀለበቱ በጭቃና በዝገት ተደፍኗል፤ የሴንሰሩ ሽቦም ተበጥሷል።

«ፍሬንህ ይሠራል» አለኝ። «የሞተው ኤቢኤሱ ነው። ዕቃው እዚህ አይገኝም፤ ከውጭ ታስመጣለህ። እስከዚያው እንደማንኛውም መኪና ንዳት።»

«መብራቱስ?»

«መብራቱ እውነቱን ነው የሚናገረው። ምን አደረገህ?»

«ዓይኔን ይወጋኛል።»

ሳቀ። «እንግዲያው አፉን እንዘጋዋለና። አምፑሉን ብናወጣው ግን አዋቂ ሰው ያውቃል፤ ቁልፍ ስትከፍት መብራት አለበት። ስለዚህ ከሞተር ዘይቱ መብራት ጋር እናጋባው። አብረው ይበራሉ፣ ሞተር ሲነሳ አብረው ይጠፋሉ። ሰላማዊ ትዳር ነው።»

ይህ ያኔ በየጋራዡ የሚሠራ ነገር ነበር፤ አሁንም ይሠራል። ያጋባናቸው መብራቶች በዚህ ከተማ ስንት እንደሆኑ ማን ያውቃል? ግን እኔ ስለ ከተማው ልናዘዝ አልመጣሁም። አጋባው አልኩት። አጋባው። ቁልፉን ሲመልስልኝ የተናገረውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ «ስትሸጣት ለገዢው ንገር። ይህን የምነግርህ ለነፍሴ ነው።»

ስለዚህ አልነገሩኝም ልል አልችልም። ተነግሮኛል፤ ያውም በቀልደኛ ሰው አፍ፣ ቀልዱን አቁሞ።

ዕቃውን አስመጣለሁ አልኩ፤ አላስመጣሁም። የሚገርማችሁ ነገር፣ ስብከቴን አላቆምኩም። መኪናዋ ውስጥ ያለው ኤቢኤስ ከሞተ በኋላ ስለ ኤቢኤስ የተናገርኩት ከመሞቱ በፊት ከተናገርኩት ይበልጣል። የሞተ መሆኑን እንዲያውም እረሳው ነበር። በየጠዋቱ ሁለቱ መብራቶች አብረው በርተው አብረው ሲጠፉ እኔም እንደ ሌላው ሰው አምናቸው ነበር። ሰው የራሱን ውሸት እንዲህ በቀላሉ ሊያምን ይችላል? እኔ አምኜዋለሁ። ይህ ግን የሚያቀልልኝ ነገር የለም፤ ሊገዛ የመጣ ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ አስታውሼዋለሁና።

የጠየቁኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። በዓመቱ ጎሮ የሠሩት ቤት አልቆ ሊገቡ ነው። እትዬ ዘይነባ ከጎሮ ኦሎምፒያ በየቀኑ መመላለስ አለባቸው፤ በክረምት ደግሞ ታክሲ እዚያ አይደርስም ነበር። ጋሽ ሰይድ የጭነት መንገዳቸውን ቀነስ አድርገው ራሳቸው ሊያመላልሷቸው አሰቡ። መኪናህን ልግዛህ አሉኝ።

«ብዙ አይቻለሁ» አሉ። «ልቤን የወሰደው ግን አንተ ስለ ፍሬኑ የምትለው ነው። ዘይነባ ዝናብ ትፈራለች። እኔም ጭነት እንጂ ሚስቴን ጭኜ ነድቼ አላውቅም።»

ገብተው ቁልፉን ከፈቱ። እንደ አዋቂ ሾፌር መጀመሪያ መብራቶቹን አዩ። በሩ። ሞተሩን አስነሱ። ጠፉ።

«ያ ያልከኝ ነገር ደህና ነው፣ አይደል?»

«ደህና ነው» አልኳቸው።

ሁለት ቃል ነው። ገንዘብ ቸግሮኝ አይደለም። ቢነገራቸው መግዛታቸውን አይተዉም ነበር፤ ምናልባት ዕቃውን ራሳቸው በአሰብ መርከበኞች በኩል ያስመጡት ነበር። ታዲያ ለምን? እንዲህ ነው፤ ከዓመት በላይ የሰበክሁት መሣሪያ ከስብከቴ ግማሽ ያህሉን ጊዜ የሞተ እንደነበር፣ እኔም አውቄ መብራቱን እንዳስደፈንኩት፣ ለዚያ ለሚያከብሩኝ ሰው መናገር አፈርኩ። እትዬ ዘይነባ ይስቁብኛል ብዬ አፈርኩ። በቃ ይኸው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ብትጠብቁ እኔም ብዙ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ማንኛውም አታላይ ሻጭ እሆን ነበር፤ ይህም ራሱ ኃጢአት ነው። እኔ ግን አላበቃሁም። አስተማርኳቸው።

ጎሮ መዳረሻ ላይ ሰው የማይበዛበት መንገድ ነበር። ከሰዓት በኋላ እየሄድን አጠገባቸው ተቀምጬ የእግራቸውን ልማድ ማስተው ጀመርኩ። «ረገጥ ለቀቅ የለም፣ ጋሽ ሰይድ። ይርገጡና ይያዙት። ይንቀጠቀጣል፤ አይስሙት።» እሳቸው ይረግጣሉ፤ እግራቸው ሳያስቡት ይለቃል፤ ይስቃሉ። «ኧረ ይሄ እግር ከኔ ይልቅ ለመኪናዬ ነው የሚታዘዘው» ይላሉ። እንደገና። በሩጫ እንሞክረው ሲሉኝ ጎማ ያበላሻል ብዬ ከለከልኳቸው። ቀስ ብለን ስንሄድ የማይንቀጠቀጠው ለምንድነው ሲሉኝ በዝግታ አይሠራም፣ የምር ሲያስፈልግ ነው የሚሠራው አልኳቸው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበረኝ። መልስ ማጣት የማውቀው ነገር አልነበረም።

እናም ተሳካልኝ። በብዙ ዓመት ቁልቁለት የተሠራውን፣ በሞተ ኤቢኤስ ላይ ብቸኛ መዳኛቸው ይሆን የነበረውን ልማድ ከእግራቸው አወጣሁት። ምንም ባላስተምራቸው ኖሮ፣ ሸጬላቸው ዝም ብል ኖሮ፣ እግራቸው በራሱ ጊዜ ያድናቸው ነበር። ይህን ያወቅሁት ዛሬ አይደለም። ያኔም፣ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ አውቄው ነበር። ታዲያ ለምን አላቆምኩም? ማቆም ማለት ለምን እንዳቆምኩ መናገር ስለነበረ ነው።

የሆነው በነሐሴ ነው። ጠዋት ከጎሮ ወደ ቦሌ ሲመጡ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አስፋልቱን በጭቃ ለብጦት ነበር። ድንጋይ የጫነ መኪና ከፊታቸው በድንገት ቆመ። ጋሽ ሰይድ እንዳስተማርኳቸው ረግጠው ያዙ። ጎማዎቹ ተቆለፉ። መኪናዋ እንደ ሳሙና ተንሸራታ በእትዬ ዘይነባ በኩል የድንጋዩ መኪና ኋላ ሥር ገባች።

ጋሽ ሰይድን ምንም አልነካቸውም። እትዬ ዘይነባ ዳሌያቸውና ጭናቸው ተሰበረ።

ሆስፒታል ስደርስ ጋሽ ሰይድ መተላለፊያው ላይ ቆመው ነበር። የሚቀመጡበት ወንበር ነበረ፤ አልተቀመጡም። ሰላምታዬን ሳልጨርስ እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ።

«ይንቀጠቀጣል ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«አልተንቀጠቀጠም። ግንብ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። መሪውን ባዞረው አልሰማኝም፤ ዝም ብላ ሄደች። ለምንድነው ያልተንቀጠቀጠው?»

ይህን የጠየቁት ሊከሱኝ አልነበረም። የሚያውቅ ሰው መስዬአቸው ነው የጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ በር ሰው አይከፈትለትም። በሩ ላይ ቆሜ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ እንዲህ አልኳቸው።

«እግርዎን ካነሱት አይንቀጠቀጥም።»

ቀኝ እግራቸውን ቁልቁል አዩት። የሚያዩት የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር።

«አንስቼ ይሆን?»

«የድሮ ልማድ ነው፣ ጋሽ ሰይድ። ሰው ሲደነግጥ ወደ ልማዱ ነው የሚመለሰው።»

«አላነሳሁም መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም «እንግዲያው አንስቻለሁ» አሉ።

አዎ አላልኩም። አይደለም አላልኩም። ትከሻቸውን ያዝኩ። አጽናናኋቸው። የጣልኩባቸውን ነገር እንዲሸከሙት ያዝኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሰይድ መኪና አልነዱም። የጭነት መኪናቸውን ለተቀጣሪ ሾፌር ሰጡ፤ ቆይተውም ሸጡት። እትዬ ዘይነባ ወራት ተኝተው በክራንች ተነሱ፤ ጋሽ ሰይድ ሱቁ ውስጥ ገብተው ጨርቅ ይለኩ ጀመር። ታክሲ ሲሳፈሩ እንኳ ሾፌሩ አጠገብ አይቀመጡም ነበር፤ የሰው እግር ፍሬን ላይ ማየት አልችልም ይላሉ። የድሮ ጓደኞቻቸው፣ የደሴ መንገድ ሾፌሮች፣ ሱቁ ደጅ ላይ ቆመው ይቀልዱባቸዋል። «ሰይዶ፣ ያ የጣርማ በሩ እግርህ ጡረታ ወጣ ወይ?» ይሏቸዋል። «ወጣ፤ ያውም ያለ አበል» ይላሉ። ይስቃሉ። አንድ ቀን ይህን ቀልድ እኔ ባለሁበት ተቀለደ። እኔም ሳቅሁ።

ሌላም አለ፤ ይህን መተው ፈልጌ ነበር፤ ግን ከተውኩት ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። በዚያው ዓመት ስለ ልማድ አንድ መጣጥፍ ጻፍኩ። አእምሮ አዲስ ነገር ቢማርም ሥጋ የድሮውን እንደማይረሳ የሚያስረዳ ነበር። ምሳሌ አስፈለገኝ። «ልምድ ያለው አንድ ወዳጄ» ብዬ፣ ስሙን ሳልጠራ፣ አዲሱን መሣሪያ አምኖ የገዛ፣ በክፉ ሰዓት ግን እግሩ ወደ ድሮው የተመለሰ ሾፌር ጻፍኩ። ሰዎች ወደዱት። ከጻፍኳቸው ሁሉ አሁንም ድረስ የሚያነሱልኝ እሱን ነው። እኔ ውሸቴን ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬ አልረካሁም፤ አሳትሜዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ሰይድ በጉበት ታመሙ፤ ብዙም እንደማይቆዩ ታወቀ። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ የሚሞት ሰው የሚያውቃቸውን ሰዎች አስጠርቶ «አፉ በሉኝ» ማለት፣ በድያችሁ እንደሆነ ይቅር በሉኝ ብሎ መለየት ያለ ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ደንበኛ ይጠራል፣ የተጣሉት ሰው ይጠራል። እኔም ተጠራሁ። ከሰዓት በኋላ ጎሮ ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ በክራንቻቸው እየተመረኮዙ በር ከፈቱልኝና ከአልጋው ግርጌ ተቀመጡ።

በመንገዴ ሁሉ አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ እሳቸው አፉ በለኝ ሲሉ እኔ እነግራቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ግን ቀደሙኝ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ንግግራቸው ግን የተሰናዳ ነበር፤ ያሰቡበት ነው።

«አንድ የበደልኩህ ነገር አለ» አሉኝ። «መኪናዋ ከአደጋው በኋላ ጋራዥ ስትገባ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራኝ። የፍሬኑ መብራት ከዘይቱ መብራት ጋር ታስሯል፤ ይህ ነገር ገና ሳትገዛት የሞተ ነው አለኝ። ለዘይነባም አልነገርኳትም። ግን አንተን ጠረጠርኩህ። ሰላም ስትለኝ እየሳቅሁ በልቤ ረገምኩህ። ብዙ ጊዜ እንዲያ አደረግሁ።»

እትዬ ዘይነባ ቀና አሉ።

«ኋላ ግን አሰብኩት» አሉ። «ሊያታልለኝ የፈለገ ሰው ሸጦ ይሄዳል እንጂ አጠገቤ ተቀምጦ እንዴት እንደሚረገጥ አያስተምረኝም አልኩ። የሞተ ነገር ማን ያስተምራል? ጋራዥ ደግሞ የሌላውን ሥራ ማጣጣል ልማዱ ነው። ሸይጣን ነው እንጂ የገዛ እግሬን ጥፋት በሰው ላይ ልጭን ኖሯል። አላህ ያውቃል፣ ጠርጥሬሃለሁ። አፉ በለኝ።»

ተመልከቱ። ሰውዬው እውነቱን አግኝተውት ነበር። በእጃቸው ነበር። የጣሉት ለእኔ ሲሉ ነው፤ የጣሉበት ማስረጃም ከሥራዬ ሁሉ የከፋው፣ ያስተማርኳቸው ነገር ነው።

ያዘጋጀሁትን ዓረፍተ ነገር አልረሳሁትም ነበር። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል።

«አፉ ብያለሁ፣ ጋሽ ሰይድ» አልኳቸው።

እጄን ጨበጡኝ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እትዬ ዘይነባ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉና «አሁን ቀለለው» አሉኝ። አመሰገኑኝ። በክራንቻቸው እስከ በር ሸኙኝ።

ይህ ነው እንግዲህ። የሸጥኩት አለ፣ የዋሸሁት አለ፣ የጻፍኩት አለ፤ ከሁሉም የማልሸሸው ግን ይህ ነው። የበደልኩትን ሰው በትክክል በመጠርጠሩ ይቅር አልኩት።

ለራሴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ለሚሞት ሰው መርዶ አይነገርም አልኩ። በሰላም ይሂዱ አልኩ። ደግነት አስመስዬ ዓመታት ይህን አመንኩት። ግን መርዶ ነበር እንዴ? አንድ ሾፌር፣ ዕድሜውን በሙሉ በእግሩ የኖረ፣ ሚስቱን በገዛ እግሩ ለክራንች እንደዳረገ የሚያምን ሰው «እግርዎ ንጹሕ ነው» ቢባል ይህ መርዶ ነው? ለእሳቸው የምሥራች ነበር። መርዶው የእኔ ነበር። የምሥራቻቸውን የከለከልኳቸው የራሴን መርዶ ላለመስማት ነው።

ይቅርታ አልጠይቅም። የኩራት ጉዳይ አይደለም። ጋሽ ሰይድ ሊሰጡኝ አይችሉም፤ እትዬ ዘይነባ ግን ብጠይቃቸው ይሰጡኛል፤ ዓይነታቸው እንዲያ ነው። በክራንች ተነስተው በር ከፍተውልኝ፣ ሰምተው፣ አልቅሰው፣ አፉ ይሉኛል። ከዚያ ቤት አንድ ጊዜ የማይገባኝን ምስጋና ይዤ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ ምንም ይዤ መውጣት አልፈልግም። ላደርስ የምፈልገው ያኔ ያላደረስኩትን ቃል ብቻ ነው፤ ይህ ከመታተሙ በፊትም በአፌ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ልጆቻቸውም ያንብቡት፤ አባታቸውን በዚህ ነገር የሚያማ ሰው ቢኖር ያሳዩት።

እትዬ ዘይነባ፣ ያን ቀን ጠዋት ባለቤትዎ ፍሬኑን ረግጠው ይዘው ነበር። እግራቸውን አላነሱም።